ቀለም አይቶ ኩላንት መግዛት ያከስራል

ወደ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ ኩላንት ለሚጠይቅ ባለመኪና ብዙ ጊዜ የሚመለስለት ጥያቄ «ቀዩ ነው አረንጓዴው?» የሚል ነው። ገዥው የመኪናውን ሞዴል ሳይናገር፣ ሻጩም ሳይጠይቅ፣ ግብይቱ በቀለም ብቻ ይጠናቀቃል። ነገር ግን ኩላንት በተፈጥሮው ቀለም የለውም። ቀለሙን የሚጨምርበት አምራቹ ሲሆን፣ የትኛው ዓይነት በየትኛው ቀለም ይቅረብ የሚል ሁሉንም አምራቾች የሚያስገድድ ደንብ የለም።

የስሕተቱ ጉዳት ወዲያውኑ አለመታየቱ ገዥውን ያዘናጋዋል። መኪናው ለወራት ያለችግር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የውሃ ፓምፑ ማንጠባጠብ፣ የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች መደፈን ይጀምራሉ። ሞተሩ አንድ ቀን ከጋለ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይቃጠላል፤ ቴስታታው ከተጣመመም ወደ ቶርኖ ቤት መሄዱ አይቀርም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ማገዷ ደግሞ በእጅ ያለውን ሞተር አጥብቆ መያዝን የኪስ ጉዳይ አድርጎታል።

«በረዶ በማይጥልበት አገር ኩላንት ምን ያደርጋል? ውሃ ይበቃል» የሚሉ አሽከርካሪዎች ጥቂት አይደሉም። ክርክራቸው ግማሽ እውነት አለው። ንጹህ ውሃ ሙቀትን ተሸክሞ በመውሰድ ረገድ ከኩላንት ድብልቅ ይሻላል። ኩላንት ማለት ኤትሊን ግላይኮል የተባለው ፈሳሽ፣ ውሃና ጥቂት የዝገት መከላከያ ኬሚካሎች ናቸው። ግማሽ በግማሽ የተደባለቀው ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም፤ ይህ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ምንም አይፈይድለትም። የሚፈይዱለት ሁለቱ ሌሎች ጥቅሞች፣ ማለትም ዝገት መከላከሉና የመፍያ ነጥቡን ከፍ ማድረጉ ናቸው።

የመፍያው ነገር ለደጋ ነዋሪ በተለይ ያሳስባል። በባህር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አንድ ጤነኛ ሞተር ሲሠራ የሚኖረው ሙቀት ደግሞ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። መኪናው በየመንገዱ እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ስፕሪንግ ሲደክም ወይም ጎማው ሲሰነጠቅ ግን ውሃ ብቻ የሞላበት ሞተር ወደ 92 ዲግሪው ይወርዳል። ግማሽ በግማሽ የተደባለቀ ኩላንት የመፍያውን ነጥብ በ7 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ የዓባይን ሸለቆ በመሻገር ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ደጀን ለሚወጣ መኪና ይህች ልዩነት ቀላል አይደለችም። ስለዚህ ኩላንት የሚገዛ ሰው በዚያው ክዳኑን ቢያስፈትሽ መልካም ነው። በክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር የግፊቱን መጠን ስለሚያመለክት፣ ሲቀየር ቁጥሩ ተመሳሳይ መሆን አለበት።

ወደ ዓይነቶቹ ሲመጣ ዋናው ልዩነት በዝገት መከላከያው ላይ ነው። የቆየው ዓይነት በሲሊኬትና በመሳሰሉት ማዕድናት የሚሠራ ሲሆን የብረቱን ውስጠኛ ገጽ ቶሎ ይሸፍናል፤ ቶሎም ያልቃል፤ በ2 ዓመት ገደማ መለወጥ አለበት። በልማድ አረንጓዴ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ኦርጋኒክ አሲድ ያለበት ነው። ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1995 ብርቱካናማ ቀለም ያለውን አቅርቦ ለ5 ዓመት እንደሚያገለግል አስታውቋል። ሦስተኛው ሁለቱን ያዳቀለው ነው።

ጃፓኖችና አውሮፓውያን በዚህ ጉዳይ የተለያዩበት ምክንያት ለኢትዮጵያ ገዥ ትምህርት አለው። የጃፓን አምራቾች ሲሊኬት የውሃ ፓምፕን ማሸጊያ ይበላል ብለው ይሸሹታል፤ በምትኩ ፎስፌት ይጨምራሉ። አውሮፓውያኑ ደግሞ ፎስፌትን ይፈሩታል። ምክንያታቸው በአገራቸው የቧንቧ ውሃ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም ስለሚበዛ፣ ፎስፌቱ ከእነዚህ ጋር ተገናኝቶ ነጭ ዝቃጭ ስለሚሆን ነው። እንግዲህ ድሬዳዋን የሚያውቅ ሰው የማንቆርቆሪያውን ውስጥ የሚለብሰውን ነጭ ድንጋይ ያስታውሳል። ለቶዮታ የተሠራ ኩላንት እንደዚያ ባለ ውሃ ከተበረዘ፣ ሞተሩን ሊጠብቅ የተጨመረው ኬሚካል ራሱ ራዲያተሩን ይደፍናል። ኩላንቱ ጥሩ፣ መኪናውም ጥሩ ሆኖ ገንዘቡ በውሃው ይጠፋል ማለት ነው።

ስለዚህ ሳይበረዝ የሚሸጠውን የገዛ ሰው በተጣራ ውሃ ሊበርዘው ይገባል። የተጣራ ውሃ በነዳጅ ማደያዎችና በባትሪ ሱቆች ለባትሪ ተብሎ የሚሸጠው ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ «የባትሪ ውሃ» ሲባል አሲዱን የሚያቀብል ሻጭ አይጠፋምና ጽሑፉን ማንበብ ነው።

ዋጋ ሲወዳደር የተበረዘውንና ያልተበረዘውን ጀሪካን በእኩል ማየት ሌላው ስሕተት ነው። ያልተበረዘው አምስት ሊትር፣ አምስት ሊትር ውሃ ተጨምሮበት አሥር ይሆናል። አንድ ኮሮላ የሚይዘው ከ5 እስከ 6 ሊትር ገደማ በመሆኑ የአንድ መኪና ባለቤት ግን ተበርዞ የመጣውን ቢገዛ ከውሃ ፍለጋም ይገላገላል። ቶዮታ ሮዝ ቀለም ያለውን ኩላንቱን የሚያቀርበው ተበርዞ ነው፤ ውሃ አይጨመርበትም። ይህኛው በአዲስ መኪና ላይ እስከ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በኋላ በየ80 ሺህው እንዲቀየር የታዘዘ ነው። የፊተኛው ቀይ የቶዮታ ኩላንት ግን ይህን ያህል ዕድሜ የለውም።

ከቀይ ጋር በተያያዘ፣ ቮልስዋገን ጂ 12 ብሎ ያወጣው ኩላንትም ቀይ ነበር። ከቶዮታው ቀይ ጋር ከቀለም በቀር የሚያገናኘው የለም። ከራሱ ከቮልስዋገን የፊተኛ ኩላንት፣ ከጂ 11 ጋር ሲቀላቀል እንኳ ቡናማ ጭቃ ይወጣው ስለነበር ኩባንያው ሊቀላቀል የሚችል ሌላ ዓይነት ለማውጣት ተገዷል። የሃዩንዳይ አረንጓዴም ፎስፌት ያለበት እንጂ የድሮው አረንጓዴ አይደለም። ትክክለኛው መንገድ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ማየት ነው። መጽሐፉ በሌላ ቋንቋ ከሆነ ወይም ከጠፋ፣ የመኪናውን ስምና የተሠራበትን ዓመት ለሻጩ ተናግሮ በጀሪካኑ ጀርባ የተጻፈውን ማመሳሰል ይቻላል። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ካልታወቀ ከላዩ መጨመር ሳይሆን ሙሉ በሙሉ አፍስሶ፣ በተጣራ ውሃ አጥቦ መሙላት ይመረጣል። ለዓመታት በቧንቧ ውሃ የኖረ አሮጌ መኪና ሲታጠብ ቀዳዳዎቹን የደፈነው ዝገት ተነሥቶ ሊያንጠባጥብ እንደሚችል ግን ባለቤቱ አስቀድሞ ይወቅ፤ ቀዳዳውን ያመጣው አዲሱ ኩላንት አይደለም።

ቀለም የተነከረ ውሃ በጀሪካን ገዝቶ የተታለለም አይጠፋም። ገዥው በቤቱ ሊሠራው የሚችል ፈተና አለ። ከተበረዘው ኩላንት ጥቂት በፕላስቲክ ጠርሙስ ሳይሞሉ ቀድቶ፣ በደንብ ዘግቶ፣ በፍሪጁ የበረዶ ክፍል አንድ ሌሊት ማሳደር ነው። ግማሽ ያህል ግላይኮል ያለበት ኩላንት እዚያ አይረጋም። በረዶ ሆኖ ካደረ የተሸጠው ውሃ ነው ወይም ከመጠን በላይ ተበርዟል። ሳይረጋ ማደሩ ብቻውን ግን የጥራት ማረጋገጫ አይሆንም፤ የዝገት መከላከያው መኖሩን በረዶ አይፈትነውም። ጠርሙሱ በኋላ ይጣላል። ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ነገር ግን ገዳይ መርዝ ነው፤ ጋራዥ ውስጥ በገንዳ የተተወውን የሚልስ ውሻም ሆነ በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠውን የሚጎነጭ ሕፃን ለከፋ አደጋ ይጋለጣል።

ከባድ የናፍጣ ሞተር ያላቸው የጭነት መኪኖች ጉዳይ ለብቻው ነው። በብዙዎቹ ሞተሮች ውሃው የሲሊንደሩን ግድግዳ በቀጥታ ስለሚነካ፣ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ የሚፈጠሩት አረፋዎች ብረቱን እየፈነቀሉ ይበሱታል። ለእነዚህ ይህን የሚከላከል ተጨማሪ ኬሚካል ያለበት፣ ለከባድ ናፍጣ ተብሎ የተጻፈበት ኩላንት ያስፈልጋል። የቤት መኪና ኩላንት የሞላ ባለንብረት ያተረፈው መስሎት ይቆያል።

የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ባትሪያቸውን የሚያቀዘቅዙት አብዛኛውን ጊዜ በኩላንት ነው። ለአንዳንዶቹ የሚታዘዘው ኤሌክትሪክ እምብዛም የማያስተላልፍ ልዩ ዓይነት ሲሆን፣ በጎደለው ላይ የቧንቧ ውሃ መጨመር በእነዚህ መኪናዎች ዘንድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።