ፓርኩ ጭር ሲል የሕፃናት ተራ ይደርሳል

አሜሪካ የሚኖር ባለ ትንንሽ ልጆች ቤተሰብ ፍሎሪዳ ወደሚገኘው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ለመሄድ ሲያስብ ከዘመድ አዝማድ ሁለት ነገር መስማቱ አይቀርም። አንደኛው «ገና ሦስት ዓመቷ አይደል? ምን ታስታውሳለች ብላችሁ ነው?» የሚል ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ምክር ነው፦ «ትምህርት ሲዘጋ ከነታላላቆቿ ውሰዷት።» ሁለቱም ከቅን ልብ የመጡ ናቸው። ምክሩን ሰምቶ በፈረንጆች ገና ሳምንት ወይም በፋሲካ ዕረፍት የሄደ ወላጅ ግን የዓመቱን ውድ ቲኬት ገዝቶ፣ በዓመቱ ረጅም ሰልፍ ውስጥ የምታለቅስ ልጅ ታቅፎ ይቆማል።

ጥፋቱ የልጅቷ ዕድሜ ሳይሆን የተመረጠው ወቅት ነው ብዬ አምናለሁ። ፓርኩ ጭር የሚልበት ወቅት ከጎብኚው የሚወስደው ነገር አለ፤ የሚወስደው ግን በአብዛኛው ትልልቅ ልጆች የሚፈልጉትን ነው። የሚሰጠው ደግሞ ሕፃን ከምንም በላይ የሚያስፈልገውን ነው፤ አጭር ሰልፍ፣ ሰፊ መንገድ፣ ያልተጣደፈ ወላጅ። ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የሕፃን ቀን ስንት ሰዓት ነው?

የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2016 ባወጣው ምክር መሠረት ከ1 እስከ 2 ዓመት ያሉ ልጆች የቀኑን እንቅልፍ ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለባቸው። ከተረፈው ላይ ምግቡ፣ ዳይፐሩ፣ ልብስ መቀየሩና መንገዱ ሲቀነስ፣ ልጁ ጠግቦና ነቅቶ ደስ ብሎት የሚጫወትበት ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። አዋቂ ሰው ቢደክመው እንኳ የከፈለውን ገንዘብ አስቦ ይታገሣል። የሁለት ዓመት ልጅ ይህን አያውቅም። ሲርበው አሁኑኑ ነው፤ እንቅልፉ ሲመጣም አሁኑኑ ነው። የ40 ደቂቃ ሰልፍ ለአዋቂ መሰላቸት ብቻ ነው፤ ለሕፃን ግን ከዚያች ጥቂት መልካም ጊዜ ላይ የሚቆረስ ትልቅ ቁራሽ ነው።

ይህን የፓርኩ ነዳፊዎችም ያውቁታል። ከዋልት ዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች አንዱ በሆነው በማጂክ ኪንግደም የሚገኘው በራሪው ዝሆን ዳምቦ በ2012 ከአንድ ወደ ሁለት ሲበዛ፣ ከመጠበቂያው ጋር ጣሪያ ያለው የልጆች መጫወቻ ቦታ አብሮ ተሠርቶለታል። ሐሳቡ ወላጅ ተራ ሲጠብቅ ልጁ በመንሸራተቻው እየተጫወተ እንዲቆይ ነበር። ሕፃን መሰለፍ እንደማይችል ከዚህ በላይ የሚመሰክር ነገር አይገኝም።

የሰልፍ ሒሳብ

ሰልፍ እንዴት እንደሚረዝም በምሳሌ እንየው። አንድ መጫወቻ በሰዓት 1,000 ሰው ያስተናግዳል እንበል። በሰዓት 1,200 ሰው ቢመጣ በየሰዓቱ 200 ሰው ይተርፋል። ከሦስት ሰዓት በኋላ 600 ሰው ተሰልፏል፤ መጨረሻ ላይ የቆመውም 36 ደቂቃ ይጠብቃል። አሁን የሚመጣው ሕዝብ በአንድ አምስተኛ ቀንሶ 960 ይሁን። ሰልፉ የሚቀንሰው በአንድ አምስተኛ አይደለም። መጫወቻው የመጣውን ሁሉ ስለሚያሳፍር ሰልፉ መጠራቀሙን ያቆማል። የጭር ያለ ወቅት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የሰዉ ቁጥር በትንሹ ሲጎድል የሚጠበቀው ጊዜ በብዙ ይጎድላል።

ይሁንና ፓርኮቹም ይህን ሒሳብ ይሠራሉ። ሰው ሲቀንስ የሚያሰማሩትን ጀልባና ባቡር፣ የሚመድቡትንም ሠራተኛ ሊቀንሱ ይችላሉ። የዚያው መጫወቻ አቅም ወደ 800 ዝቅ ቢል በሰዓት 160 ሰው ይተርፋል። ከሦስት ሰዓት በኋላ 480 ሰው ይሰለፋል፤ የመጨረሻው ሰው የሚጠብቀውም ያንኑ 36 ደቂቃ ይሆናል። «ሰው በሌለበት ሄደን ሰልፉ ግን ያው ነበር» የሚሉ ቤተሰቦች አልተሳሳቱም፤ ሰልፉ ከተጠራቀመ በኋላ መድረሳቸው ነው የጎዳቸው።

ሰልፍ ከሰዓት ሰዓት የሚጠራቀም ነገር ስለሆነ በሩ ሲከፈት ገና ባዶ ነው። ስለዚህ ወቅቱን መምረጥ ግማሽ ሥራ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ማለዳ መድረስ ነው። እዚህ ላይ ሕፃን ከጎረምሳ ይሻላል፤ ማንም ሳይቀሰቅሰው ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። በዲዝኒ ሆቴሎች ያደረ እንግዳ ደግሞ ከሌላው ሰው 30 ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ሁለቱን ያጣመረ ቤተሰብ ትንንሾቹ የሚወዱትን አብዛኛውን ነገር ሰልፉ ሳይጠራቀም አይቶ ይጨርሳል።

ጭር ያለ ወቅት ምን ያጎድላል?

አንደኛ፣ እድሳት የሚበዛው ያኔ ነው። ቢግ ተንደር ማውንቴን የተባለው ሮለር ኮስተር ለረጅም እድሳት የተዘጋው በጃንዋሪ 2025 መጀመሪያ፣ የበዓሉ ግርግር እንዳለፈ ነበር። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ ኀዘን ነው። አብዛኞቹ የሦስት ዓመት ልጆች ግን ክፍት ቢሆንም አይሳፈሩበትም ነበር። በእንዲህ ዓይነት መጫወቻዎች በር ላይ ቁመት መለኪያ አለ። ሠራተኛዋ ልጁን ቀጥ አድርጋ ታቆምና መለኪያውን ከአናቱ ጋር ታስተያየዋለች፤ የሰባቱ ድንኮች ባቡር 97 ሴንቲሜትር፣ ስፔስ ማውንቴን 112፣ ትሮን 122 ሴንቲሜትር ይጠይቃሉ። ከተባለው ያነሰ ልጅ ቢያለቅስም፣ ወላጅ ቢለምንም አይገባም። ደግነቱ በማጂክ ኪንግደም ካሉት መጫወቻዎች አብዛኞቹ የቁመት ገደብ የላቸውም።

ሁለተኛ፣ የመዝጊያ ሰዓት ይቀርባል። ከኦገስት እስከ ዲሴምበር ባሉት ወራት ማጂክ ኪንግደም በተወሰኑ ምሽቶች ለብቻው ቲኬት የሚሸጥለት የሃሎዊን ወይም የገና ድግስ ስላለው፣ መደበኛው እንግዳ ምሽት 12 ሰዓት ላይ (በአሜሪካ አቆጣጠር 6 ሰዓት) ይሸኛል። የምሽቱን ርችት ማየት የሚፈልግ ሰው እነዚህን ቀናት ስለሚሸሽ ቀኑ ቀለል ይላል። ርችቱ ሳይተኮስ መኝታው ለሚደርስ ልጅ ርችት ማጣት ጉዳት አይደለም፤ ብዙ ሕፃን ድምፁን ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ያለቅሳልና።

ሦስተኛው የአየር ጠባይ ነው፤ ይህ ግን ሕፃኑንም ይነካል። ትምህርት እንደተከፈተ፣ ከኦገስት መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ፓርኩ ጭር ይላል። ሰሞኑ ከእንቁጣጣሽ ጋር ስለሚገጥም ልጅን በአዲስ ዓመት ማስደሰት ያምራል። ነገር ግን ሙቀቱ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከከባድ እርጥበት ጋር ነው። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲመጣ ከቤት ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። የአትላንቲክ አውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን፣ ጫፍ የሚደርሰውም በሴፕቴምበር 10 ገደማ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። በኦክቶበር 2024 ሚልተን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ፓርኮቹ በራቸውን ዘግተው ነበር።

በጃንዋሪ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ማለትም ከጥምቀት ሰሞን አንስቶ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ያለው ጊዜ ሌላው ምርጫ ነው። ቀን ላይ ወደ 22 ዲግሪ ይሞቃል፤ ማለዳው ግን ወደ 10 ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ጃኬት፣ ኮፍያና የጋሪ ብርድ ልብስ ከተያዘ ብርዱ ይቻላል። ሙቀት ላይ ግን የሚደረብ የለም። ስለዚህ ከሁለቱ ለሕፃን የምመርጠው የጃንዋሪውን መጨረሻ ነው።

ገንዘቡና ዕድሜው

በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ በወላጁ ጭን ላይ ሆኖ ያለ ቲኬት ይበራል። በዲዝኒ ደግሞ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመግቢያ አይከፍልም። ሦስተኛ ልደቱን ባከበረ ማግስት ግን ዋጋው ከአዋቂው የሚያንሰው በጥቂት ዶላር ብቻ ነው። ዋጋው እንደ ቀኑም ይለያያል፤ በ2025 የአንድ ቀን ቲኬት ከ119 እስከ 199 ዶላር ነበር፤ ከፍተኛው ዋጋም በበዓላት ሰሞን የሚጠየቀው ነው። ለአራት ሰው ሲባዛ ልዩነቱ የአንድ ሳምንት አስቤዛ ነው።

የእኛ ማኅበረሰብ እዚህ ላይ የራሱ ዕድል አለው። በሆስፒታል፣ በሆቴል፣ በፓርኪንግና በታክሲ የሚሠራ ወላጅ በዓል ሲደርስ ፈቃድ የሚያገኘው ከስንት ልመና በኋላ ነው፤ በጃንዋሪ መጨረሻ ግን ፈቃድ የሚሻማው የለም። ልጁ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስም የሚቀርበት ክፍል የለም። አምስት ዓመት ሲሞላውና ኪንደርጋርተን ሲገባ ይህ በር ይጠባል፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ እንደ ሁሉም ሰው በዓልን ይጠብቃል።

ቀኑ በቅርብ ሲታይ

ለትንንሾች የሚስማማ ቀን ይህን ይመስላል። በሩ ሲከፈት ቀጥታ ወደ ዳምቦ፣ ከዚያ ወደ ፈረሶቹ። ሕፃናቱ ሙጭጭ ብለው የሚይዟቸው እነዚያ የእንጨት ፈረሶች የሚዞሩበት መሣሪያ በ1917 የተሠራ ነው። ቀጥሎ በ1964 ለኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት በተሠራው አምሳል የቆመው ትንሿ ዓለም አለ። ጀልባው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ የአገሩ ሁሉ አሻንጉሊት ይዘፍናል፣ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ልጅን ለመጠየቅ ከአገር ቤት የመጣች አያት ካለች ፓርኩን የሚዞረው ባለ እንፋሎት ባቡር ለእርሷም ዕረፍት ነው። ልጁ «እንደገና!» ካለ እንደገና ነው። ሰው በማይበዛበት ቀን ይህን ማለት መቻል ራሱ ትልቅ ስጦታ ነው።

ከቀትር በፊት ምሳ ይቀርባል። ምግብ ከውጭ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የመስታወት ጠርሙስና የተበተነ በረዶ ግን ክልክል ነው። የልጁን ቅንጬ፣ የተጠቀለለ እንጀራ ወይም ዳቦ መያዝ ገንዘብንም ሆድንም ያድናል። በዲሴምበር መጀመሪያ የሚሄዱ ጿሚ ወላጆች በጾመ ነቢያት ውስጥ ናቸው፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆኑት ምግቦች ዝርዝሩ ላይ በቅጠል ምልክት ስለሚታዩ አይቸገሩም። በየፓርኩ ያለው የሕፃናት እንክብካቤ ክፍል ማጥቢያ፣ ዳይፐር መቀየሪያና ምግብ ማሞቂያ አለው። በር ላይ እንዳይመለስ ጋሪው ከ79 ሴንቲሜትር ስፋትና ከ132 ሴንቲሜትር ርዝመት መብለጥ የለበትም።

ከዚያ እንቅልፍ ነው። ከማጂክ ኪንግደም መኪና ማቆሚያ ለመድረስ ሐይቁን በጀልባ መሻገር ወይም በሞኖሬል መዞር ስለሚያስፈልግ ለአንድ ሰዓት እንቅልፍ ወጥቶ መመለስ አድካሚ ነው። ጭር ባለው ወቅት የሆቴል ዋጋ ስለሚቀንስ፣ ቅርብ አድሮ ልጁን አልጋው ላይ ማስተኛት ይቻል ይሆናል። ካልሆነም ጋሪውን ጸጥ ወዳለ ጥላ መውሰድና አብሮ ማረፍ ነው። «ቲኬቱ ይባክናል» ብሎ የልጅን እንቅልፍ መዝለል ግን የቀኑን ግማሽ ያበላሻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ታላቅ ልጅ ካለም አይከለከል። አንደኛው ወላጅ ከትልቁ ጋር ሮለር ኮስተር ሲሳፈር ሌላው ከሕፃኑ ጋር ይቆያል፤ ከዚያ ሁለተኛው ያን ሁሉ ሰልፍ እንደገና ሳይጠብቅ ይገባል። ይህን አሠራር በር ላይ ላሉት ሠራተኞች መንገር በቂ ነው። ልጁ ግዙፉን ሚኪ ሲያይ ደንግጦ እናቱ እግር ሥር ቢሸሸግ ግን ለፎቶ ሲባል ወደፊት አይገፋ። ከሩቅ እጁን ያወዛውዝ፤ ሰው ስለማይጋፋ ለመለማመድ ጊዜ አለው።

«ምን ታስታውሳለች?» ላሉት ዘመዶች መልሱ ቀላል ነው። ላታስታውስ ትችላለች። የምንወስዳት ግን ዛሬ ደስ እንዲላት ነው፤ ለዛሬው ደስታ ደግሞ አጭር ሰልፍና የተረጋጋ ወላጅ ይበቃታል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የልጃችሁን ልደት፣ የእንቅልፍ ሰዓቱንና የፓርኩን የእድሳት መርሐ ግብር አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ሦስቱ የሚስማሙበትን ሳምንት ስታገኙ በዓል እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ፈቃድ ጠይቁ።