ማሾና ማሽላ በአንድ ማሳ፤ ለነጋዴው ምን ይፈይዳል?

በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ በምትገኘው ከሚሴ ማሾ የሚገዛ ነጋዴ መጀመሪያ አንድ እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ ይዘረጋል፡፡ ዓይኑ የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ የተጨማደደ ፍሬና የተበሳ ፍሬ፡፡ ሁለቱም ዋጋ ይሰብራሉ፡፡ ማሾ በ2006 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከገባ ወዲህ ደግሞ ጥራት በዓይን ግምት ብቻ የሚታለፍ አልሆነም፡፡ ሁለቱም ጉድለቶች የሚጀምሩት ማሳ ላይ ቢሆንም መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም፡፡

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቆላማ ቦታዎች፣ በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲና በጂሌ ጥሙጋ፣ ገበሬው ለቀለቡ ማሽላ፣ ለገበያ ማሾ ይዘራል፡፡ ማሾ በሦስት ወር ገደማ ስለሚደርስ ዝናብ ቢያጥርም ተስፋ አለው፡፡ ሁለቱን በመስመር አፈራርቆ መዝራት መሬት ለመቆጠብ ብቻ ይመስላል እንጂ ተባይንም ይቀንሳል፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ክሽክሽና ሌሎች ደቃቅ ተባዮች ማሾን የሚያገኙት በመልኩና በጠረኑ ነው፤ ረጃጅም ማሽላ በመሀል ሲገባ ፍለጋው ይከብዳቸዋል፡፡ ማሽላ ላይ የሚራባው ክሽክሽ ዝርያው ሌላ በመሆኑ ማሾን አይነካም፤ ክሽክሽ በሊታ ጥንዚዛዎችን ግን እየቀለበ በማሳው ያቆያል፡፡ ኬንያ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ካውፒ የሚባለው የማሾ የቅርብ ዘመድ ከማሽላ ጋር ሲዘራ፣ አበባ የሚያረግፈው ትሪፕስ ቁጥሩ ቀንሶ ተገኝቷል፡፡ ጭማቂው ያልተመጠጠ ተክል የሞላ ፍሬ ይሰጣል፤ ርጭት መቀነሱም የመድኃኒት ቅሪት ለሚለካ የውጭ ገዥ ለሚልክ ላኪ ቀላል ነገር አይደለም፡፡

ቆባ የሚበሳው ጓይ ትል ግን በማሽላ አይሞኝም፤ የማሽላውንም ራስ ይበላልና፡፡ ለዚህኛው ሕንዶች በሽምብራ ማሳ ውስጥ ድምብላል ይዘራሉ፤ አበባው የትሉ ጠላት የሆኑ ጥቃቅን ተርቦችን ይስባል፡፡ ድምብላል ራሱ የሚሸጥ ቅመም በመሆኑ ለቆላው ገበሬም መሞከሩ የሚከፋ አይደለም፡፡

ገዥው ሊያውቃቸው የሚገቡ ጣጣዎችም አሉ፡፡ ማሽላው ከበዛ ማሾው ጥላ ውስጥ ገብቶ የኩንታሉ ቁጥር ይቀንሳል፡፡ በአንድ አውድማ ከተወቃም የማሽላ ፍሬ ከማሾ ጋር ይደባለቃል፤ በናሙና ላይ ባዕድ ነገር ተብሎ ይቆጠራል፤ የማበጠሪያው ወጪ ሰብሳቢው ላይ ይወድቃል፡፡ ስለዚህ “ተሰባጥሮ የተዘራ ነው” የተባለ ማሾ ሲቀርብ ስለ አወቃቀጡ መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡

ነቀዝን በተመለከተ በማሽላ መተማመን አይበጅም፡፡ ነቀዝ በደረሰው ቆባ ላይ ማሳ ውስጥ እንዳለ እንቁላል ይጥላል፤ ንጹሕ መስሎ የተገዛው ማሾ በመጋዘን ከሳምንታት በኋላ ይበሳሳል፡፡ እዚህ ላይ የሚረዳው ሳይዘገይ ለቅሞ በደንብ ማድረቅና አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ማስቀመጥ ነው፡፡ ይህ ከረጢት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካሜሮን ለካውፒ ያወጡት ነው፡፡ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ ከረጢቱ በየገበያው እየተፈታ ናሙና ከተዘገነበት ግን አየር መልሶ ይገባል፡፡