ዊልቸሩ መጣ፣ በሩ ግን አልሰፋም

አሜሪካ ያለው አጎቴ ለአያቴ ዊልቸር የላከ ቀን የብሎካችን ሰው ሁሉ መረቀው። አያቴ በስትሮክ ግራ ጎኗ ደክሞ ነበር። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም። ወንበሩን ከጎረቤት ልጅ ጋር ተሸክመን አወጣነው፣ አያቴን አስቀመጥናት፣ ፎቶ አንስተን ለአጎቴ በቴሌግራም ላክንለት። ከዚያ ሽንት ቤት መሄድ ፈለገች። ወንበሩ በበሩ አልገባም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ዊልቸሩ የልብስ መከመሪያ ሆነ።

ኢኮኖሚክስ ስማር ተደጋጋፊ ሸቀጦች የሚባለውን ነገር ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ቡና ከሌለ ጀበና ምን ይሠራል? የምር የገባኝ ግን ያን ጊዜ ነው። የሚያሳልፍ በር፣ የሚለካ ባለሙያ፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ከሌለ ዊልቸር ማለት ውድ ብረት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ የዊልቸር አገልግሎትን በ8 ደረጃ ከፍሎታል። ከወንበሩ በፊት ምርመራና ልኬት አለ፤ ከወንበሩ በኋላ ሥልጠና፣ ክትትልና ጥገና አለ። እኛ ሌላውን ሁሉ ዘለን ርክክቡ ላይ ፎቶ ተነሳን። ይኸው ድርጅት ከዩኒሴፍ ጋር በ2022 እንዳወጣው ሪፖርት ከሆነ ከ2.5 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ከመነጽር እስከ ዊልቸር ቢያንስ አንድ ደጋፊ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ 1 ቢሊዮን የሚጠጉት አያገኙም። ያገኙትስ ስንቶቹ እንደኛ ልብስ ከምረውበት ይሆን?

አያቴን ያስነሳት ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው፤ ከዘራ። ሆስፒታሉ ሲያስወጣን መድኃኒት ጻፈልን እንጂ ስለ ፊዚዮቴራፒ ማንም አልነገረንም። በሰው በሰው ያገኘነው ባለሙያ መጥቶ መጀመሪያ ያደረገው የአያቴን ከዘራ ማሳጠር ነበር። ቀጥ ብላ ስትቆም መያዣው የእጅ አንጓዋ ጋ መድረስ አለበት አለን። ጫፉ ላይ ጎማ አስገባ። በጤነኛው እጇ አስያዛት። ከዚያ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ «እማማ፣ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ የደከመው» አላት።

በየቀኑ ተለማመደች። መጀመሪያ ሦስት ደረጃ፣ ከዚያ ስድስት፣ እኔ ሁሌ አጠገቧ። በአራተኛው ወር ግራውንድ ላይ ካለችው ጓደኛዋ ጋር ቡና ልትጠጣ በእግሯ ወረደች። ሃያ ደቂቃ ፈጀባት። ማንም አልቸኮለም።

ከቤት ውጪ ያለው ግን ሌላ ጣጣ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። አያቴ ጡረታዋን የምትቀበልበት ቦታ መግቢያው አምስት ደረጃ ነው፤ የሚያዝ ብረት እንኳ የለውም።

ስለዚህ ለቤተሰባችሁ መሣሪያ ከመግዛታችሁ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ላኩ ከማለታችሁ በፊት ሜትር ያዙ። የመኝታ ቤቱንና የሽንት ቤቱን በር ለኩ፣ ደረጃውን በስልካችሁ አንሱና ላኩላቸው። ለተጠቃሚው ልክ የሚሆነውን ባለሙያ ይወስን። ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነውም ጠይቁ።

የእኛን ዊልቸር ሌላ ብሎክ ግራውንድ ላይ ለሚኖሩ አባት ሰጠናቸው። ባለሙያው አስቀምጦ ለካቸው፣ ተስማማቸው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት በራቸውን ለክቼ ነበር።