ከጨረሩ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን መስቀለኛ አምባ ከሚወጡት ምእመናን መካከል ልጅ ለማግኘት ስለት የሚሳሉ ሴቶች አይታጡም። የመውለድ ተስፋ በማኅበረሰባችን ዘንድ ያለውን ክብደት ይህ ብቻ ይነግረናል። ታዲያ አንዲት ወጣት የማሕፀን በር ካንሰር ቢገኝባት ከሕይወቷ ጋር ይህን ተስፋዋንም ማትረፍ ይቻላልን? የፊዚክስ ሰዎች ነንና ነገሩን ከጨረር እንጀምር።

ጨረር በሰውነት ላይ የሚያሳርፈው መጠን በግሬይ ይለካል፤ 1 ግሬይ ማለት በ1 ኪሎ ግራም አካል ውስጥ የቀረ 1 ጁል ኢነርጂ ነው። ለማሕፀን በር ካንሰር ከውጭ የሚሰጠው ጨረር በጠቅላላው 45 ግሬይ ያህል ይደርሳል። ኦቫሪ በተባሉት የእንቁላል ማመንጫዎች ውስጥ ካሉት ያልበሰሉ እንቁላሎች ግማሾቹን ለመግደል ግን 2 ግሬይ እንኳ አይፈጅም። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ይዛ ስለምትወለድ የሞተው አይተካም።

የመጀመሪያው መፍትሔ ርቀት ነው። ከማሕፀን በር አጠገብ ከሚቀመጥ የጨረር ምንጭ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የጨረሩ መጠን ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህም ቀዶ ሐኪሞች ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ኦቫሪዎቹን ወደ ላይ፣ ጨረሩ ከሚያርፍበት ስፍራ ውጭ ያዛውሯቸዋል። ማሕፀኗን ማዛወር ግን የተለመደ አይደለም፤ ያን ያህል ጨረር ያረፈበት ማሕፀን ደግሞ ፅንስ መሸከም ይሳነዋል። ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ከተደረሰበት ግን ሌላ መንገድ አለ፦ ፈረንሳዊው ሐኪም ዳንኤል ዳርዣን ባስተዋወቀው ቀዶ ሕክምና የማሕፀን በሩ ብቻ ተቆርጦ ማሕፀኑ ይተርፋል።

ሁለተኛው መፍትሔ ቅዝቃዜ ነው። እንቁላል ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የሚፈጠረው በረዶ ሴሉን ይወጋዋል፤ እጅግ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ግን እንደ መስታወት ይረጋል፤ ከዚያም በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ሴልሺየስ ለዓመታት ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2004 በቤልጅየም አንዲት ሴት ከኬሞቴራፒ በፊት ተወስዶ የቀዘቀዘው የኦቫሪዋ ቁራጭ ተመልሶ ተተክሎላት ልጅ ወልዳለች።

በአገራችንስ? ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር። ከአምባሰል የምትነሣ ሕመምተኛ ደሴ ከደረሰች በኋላ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ለወራት ወረፋ ትጠብቅ ነበር፤ በዚያ መካከል ትንሹ ዕጢ ያድጋል፣ ምርጫውም ይጠብባል። በ2011 ዓ.ም. ሁለት በጎ ጅምሮች ታይተዋል፦ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፈተ፤ ለ14 ዓመት ልጃገረዶችም የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት መሰጠት ተጀመረ።

ውድ አንባቢያን፣ ከላይ ያየናቸው መንገዶች ሁሉ የሚያገለግሉት ከሕክምናው በፊት ከታሰቡ ነው። እንግዲህ እኅታችን ሐኪም ፊት ስትቀርብ «ልድን እችላለሁን?» ከሚለው ቀጥሎ «ወደፊት ልወልድ እችላለሁን?» ብላ በዚያው ቀን ትጠይቅ። የመጀመሪያው ጨረር ካረፈ በኋላ ጥያቄው ይዘገያል።