ሽጉጥ ወይስ አጭር ጠመንጃ? በአፉላ ቤቶች የሚነሳ ክርክር

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 2001 በአፉላ መናኸሪያ አካባቢ ሁለት ታጣቂዎች ክላሽ ይዘው መንገደኛው ላይ ተኮሱ። 2 ሰዎች ሞቱ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ያን ቀን የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች ዛሬ ሌላ ጥያቄ ቀርቦላቸዋል። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 ወዲህ የመሣሪያ ፈቃድ፣ ሪሻዮን የሚሉት፣ የሚጠይቀው ሰው በመላ አገሪቱ በዝቷል። ወጣቱም ሽጉጥ ምን ይሠራል፣ አጭር ጠመንጃ ይሻላል እያለ ይከራከራል።

ጎንደር ላደጉ አባቶች ነገሩ እንግዳ አይደለም። ምንሽር፣ አልቢን፣ ዲሞትፈር በየስማቸው የሚታወቁ መሣሪያዎች ነበሩ። ሽጉጥ የሹምና የመኮንን የወገብ ጌጥ ነበረች፤ ገበሬው የሚያምነው ትከሻው ላይ የሚያርፈውን ነው።

በዚህ ወጣቶቹ አልተሳሳቱም። ጠመንጃ በሁለት እጅ ይያዛል፣ ትከሻ ይደግፈዋል፣ ጉንጭ ይለጠፍበታል። ሽጉጥ ያለው እጅ ብቻ ነው። ልብ ሲመታ ደግሞ የማይንቀጠቀጥ እጅ የለም፤ በቅርብ ርቀት እንኳ ብዙ ሰው ይስታል። ማይክሮ ታቮር የሚባለው የእስራኤል ጠመንጃ ርዝመቱ 58 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ጥይት የሚጎርሰው ከምላጩ በስተኋላ ስለሆነ አፈሙዙ ብዙ ሳያጥር መሣሪያው አጥሯል። ሮኒ የሚባልም አለ፤ ሽጉጥ ውስጡ ገብቶ ትከሻ ላይ የሚደገፍበት አካል ነው።

ግን ጠመንጃ ገበያና ኩፓት ሆሊም ይዘውት የሚውሉት ነገር አይደለም። ጥይቱም ኃይለኛ ነው፤ ዒላማውን ከሳተ የጎረቤትን ስስ ግድግዳ አልፎ ሊሄድ ይችላል። በተራ የግል ፈቃድ የሚገኘውም ሽጉጥ ነው፤ በ2023 የተፈቀደው ጥይት ከ50 ወደ 100 ከፍ ብሏል። ጠመንጃ የሚታደለው ለኪታት ኮነኑት፣ ማለትም ሠልጥነው አካባቢያቸውን ለሚጠብቁ ፈቃደኞች ነው።

ብዙ የማይወራ ሌላ ነገር አለ። ኦክቶበር 18 ቀን 2015 በቤርሳቤህ መናኸሪያ ጥቃት ሲደርስ አንድ ኤርትራዊ ስደተኛ አጥቂ መስሏቸው ተኮሱበት፣ ደበደቡት፤ ሞተ። እጁ ላይ ምንም መሣሪያ አልነበረም። ኖቬምበር 30 ቀን 2023 ደግሞ በኢየሩሳሌም አጥቂዎችን በሽጉጡ የተኮሰ ሲቪል፣ ሽጉጡን ጥሎ እጁን አንስቶ ሳለ ወታደር ተኩሶ ገደለው። እንግዲህ ጥቁር ጎረምሳ ዩኒፎርም ሳይለብስ ጠመንጃ አንግቶ ግርግር ውስጥ ቢገባ፣ ፖሊሱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ማን ነው ብሎ ያስባል? ሽጉጥ ቢያንስ በልብስ ሥር ይቆያል።

ሽማግሌዎችን ግን ይበልጥ የሚመለከታቸው ቤቱ ነው። ጦሩ ከ2006 ጀምሮ ብዙ ወታደሮች ለሳምንቱ መጨረሻ ዕረፍት መሣሪያቸውን ይዘው ቤት እንዳይሄዱ አደረገ። ከ18 እስከ 21 ዓመት ባሉት ወታደሮች ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የቀነሰውም በዋናነት በነዚያው የዕረፍት ቀናት ነበር። መሣሪያው ስለራቀ ይመስላል።

ባልና ሚስት ሲጣሉ ሌሊት ስልክ የሚደወልላቸው ሽማግሌዎች ይህን ማወቅ አለባቸው። ልጁ ሊያማክራቸው ሲመጣ ስለ ርዝመቱና ስለ ጥይቱ ብቻ አውርቶ እንዳይሄድ። መሣሪያው ማታ የት ያድራል? ካዝና ተገዝቷል ወይ? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? ሚስትየውም ባለችበት ቢጠየቅ ይመረጣል።