እጅ ሥራ ሲይዝ አንደበት ይፈታል

የልጅ ልጄን ይዤ ላሊበላ ስሄድ በቦርሳዬ የያዝኩት ጥቂት ነው፦ መስመር የሌለው ደብተር፣ እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ላጲስና ባለቀለም እርሳሶች። ልጅቷ አባቷ ካረፈ ወዲህ ዝም ብላለች።

ከአለት ከተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ቤተ ማርያም ናት። ጣሪያዋና ቅስቶቿ በቀለም ያጌጡ ናቸው፤ መስኮቶቿም በልዩ ልዩ መስቀል ቅርጽ ተፈልፍለዋል። ተሳልመን ስንወጣ ጥላ ሥር ተቀምጠን አንዱን መስኮት ሳልን። ቀጥዬም በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሳለውን ጌጥ፣ ሐረግን ጀመርኩላት። ስሙ ከሚጠማዘዘው የተክል ሐረግ የመጣ ነው። ሁለት መስመሮች ይጠላለፋሉ፤ አንዴ አንዱ ከላይ ያልፋል፣ አንዴ ሌላው።

እጄ በዕድሜ ይንቀጠቀጣልና መስመሩ ጠመመብኝ። «እማማ፣ ስጪኝ» ብላ እርሳሱን ወሰደች። ቀና ሳትል እየሳለች፣ «አባዬ ሲሞት አመመው እንዴ?» አለችኝ። ስለ እሱ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። እውነቱን ነገርኳት።

በነርስነት ዘመኔም ያየሁት ይህንኑ ነው፦ ልጅ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ይዘጋል፤ እጁ ሥራ ሲይዝ ግን ይናገራል። ለጉዞ ስትነሱ ደብተር አትርሱ። ሥዕሉን አታርሙበት፤ አጠገቡ ተቀምጣችሁ እናንተም ሳሉ።