የዴቢያን የነፃ ሶፍትዌር መመሪያዎች

የዴቢያን የነፃ ሶፍትዌር መመሪያዎች ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭት አንድ ሶፍትዌር «ነፃ» መሆን አለመሆኑን የሚለይባቸው አሥር ነጥቦች ናቸው። የሊኑክስ ስርጭት ማለት ከርነሉን፣ መጫኛውንና በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን አቀናጅቶ ለተጠቃሚ የሚያቀርብ ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ደራሲና የራሱ የቅጂ መብት ፈቃድ ስላለው፣ ስርጭቱ የትኛውን ፈቃድ እንደሚቀበል አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

በአማርኛ «ነፃ» ሲባል ዋጋ የማይከፈልበት ነገርም፣ ከእስራት የተላቀቀ ነገርም ይባላል። እዚህ የሚፈለገው ሁለተኛው ትርጉም ነው። ያለ ክፍያ ከኢንተርኔት የሚወርድ ፕሮግራም ምንጭ ኮዱ ካልተሰጠ ወይም መለወጥ ካልተፈቀደ ነፃ አይባልም፤ በገንዘብ የተሸጠ ግን ነፃ ሊሆን ይችላል።

አመጣጥ

ዴቢያንን በ1993 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ኢያን መርዶክ ነው። መመሪያዎቹን ያረቀቀው ከእርሱ በኋላ ፕሮጀክቱን የመራው ብሩስ ፔረንስ ሲሆን፣ አባላቱ ለአንድ ወር ያህል በኢሜይል ተወያይተውበት በጁላይ 1997 እ.ኤ.አ. የዴቢያን «ማኅበራዊ ውል» አካል ሆነው ወጡ። ውሉ ፕሮጀክቱ ለተጠቃሚዎቹ የገባው ቃል ነው። በ1998 የወጣው «የኦፕን ሶርስ ትርጉም» የዴቢያን ስም እየተነሣለት ከዚሁ ጽሑፍ የተዘጋጀ ነው።

ይዘት

ፈቃዱ ሶፍትዌሩን መሸጥንም ሆነ ማደልን መከልከል የለበትም። ምንጭ ኮዱ መኖር አለበት፤ መለወጥና የተለወጠውን በዚያው ፈቃድ ማሰራጨት መፈቀድ አለበት። ማንንም ሰው ወይም ቡድን፣ ማንኛውንም የሥራ መስክ ማግለል አይቻልም። መብቱ ለዴቢያን ብቻ የተሰጠ መሆን የለበትም፤ አብረው የሚሰራጩ ሌሎች ፕሮግራሞች ላይም ግዴታ መጫን አይችልም። የመጨረሻው ነጥብ ጂፒኤልን፣ ቢኤስዲንና አርቲስቲክን ለነፃ ፈቃድ ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሳል።

ብዙ ጊዜ የሚያከራክረው የሥራ መስክን የሚመለከተው ነጥብ ነው። የጄሰን ፈቃድ ሶፍትዌሩ ለበጎ እንጂ ለክፉ እንዳይውል ያዛል። ሐሳቡ ቅን ይመስላል፤ ነገር ግን ክፉውን ከበጎው የሚለየው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅና አጠቃቀምን ስለሚገድብ ዴቢያን ነፃ አይደለም ብሎታል። በዚህ ምክንያት በዚያ ፈቃድ የወጡ ፕሮግራሞች በሌላ መተካት ነበረባቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ አነጋገርም ልብ ሊባል ይገባል፤ መሸጥ እንዳይከለከል የሚጠይቀው ሶፍትዌሩ የአንድ ትልቅ ስብስብ ክፍል ሆኖ ሲሸጥ ነው። ለግዕዝ ፊደል የተሠራው አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል ይህን በደንብ ያሳያል። ቅርጸ ፊደሉ የወጣበት ኦፕን ፎንት ፈቃድ ፊደሉን ለብቻው መሸጥን ይከለክላል፣ ከሌላ ሶፍትዌር ጋር መሸጥን ግን ይፈቅዳል። የተለወጠ ፊደል የተከበረውን የመጀመሪያ ስም እንዳይይዝም ሊያዝዝ ይችላል፤ ስም እንዲቀየር መጠየቅን አራተኛው ነጥብ ስለሚፈቅድ ፊደሉ በዴቢያን ዋና ክፍል ውስጥ ይገኛል።

በምንጭ ፓኬጅ ላይ ያለው አሠራር

ደንቡ የሚመለከተው ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ብቻ አይደለም። በምንጭ ፓኬጁ ውስጥ ያለ ፋይል ሁሉ፣ ፕሮግራሙን ለመገንባት ባያገለግልም እንኳ፣ ነፃ መሆን አለበት። ፓኬጁን የሚያዘጋጀው ሰው የቅጂ መብት ባለቤቶችንና ፈቃዶችን በአንድ ፋይል ይመዘግባል፤ አዲስ ፓኬጅ ከሆነ ማኅደሩን የሚያስተዳድሩት አባላት መርምረው እስኪያሳልፉት ወረፋ ይጠብቃል። አድካሚ ሥራ ነው። ነፃ ያልሆነ ፋይል ከተገኘ ይወጣና ቀሪው እንደገና ይጠቀለላል፤ ብዙውን ጊዜም ይህን ለማመልከት በስሪቱ ቁጥር ላይ የመመሪያዎቹ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ይጨመራሉ።

መስፈርቱን የሚያሟላ ፓኬጅ «ዋና» ወደተባለው ክፍል ይገባል። ራሱ ነፃ ሆኖ ነፃ ያልሆነ ነገር ካልተጨመረለት የማይሠራው «አስተዋጽኦ» በሚባለው ክፍል ይቀመጣል። «ነፃ ያልሆነ» የሚባለው ክፍል በዚያው ማኅደር ቢቀመጥም የዴቢያን አካል ተደርጎ አይቆጠርም።

ክርክሮች

በ2004 በተደረገ ድምፅ አሰጣጥ ደንቡ ከፕሮግራም አልፎ መጻሕፍትንና ሌሎች የስርጭቱን ክፍሎች ሁሉ እንደሚመለከት ግልጽ ተደረገ። በ2006 ደግሞ በጂኤንዩ የሰነድ ፈቃድ የወጡ መጻሕፍት የማይለወጥ ክፍል ከሌላቸው ብቻ ነፃ እንደሆኑ ተወሰነ። የነፃ ሶፍትዌርን ሐሳብ ያስፋፋው የጂኤንዩ ፕሮጀክት ያዘጋጀው የኢማክስ መመሪያ መጽሐፍ ስለዚህ «ነፃ ያልሆነ» ክፍል ውስጥ መግባቱ የሚያስገርም ነው። በዚያው ዓመት የፋየርፎክስ ዓርማ ፈቃድ ከደንቡ ጋር ባለመስማማቱ፣ ሞዚላም ያለ ዓርማው ስሙን መጠቀም ስላልፈቀደ፣ ዴቢያን አሳሹን «አይስዊዝል» ብሎ ሰየመው፤ ስሙ የተመለሰው በ2016 ነው።

ተራውን ተጠቃሚ ይበልጥ የነካው የፈርምዌር ጉዳይ ነው። ብዙ የዋይፋይ ካርዶች አምራቹ ምንጭ ኮዱን ሳይሰጥ የሚያወጣው ፈርምዌር ካልተጫነላቸው አይሠሩም። ኦፊሴላዊው መጫኛ ይህን ስለማይዝ፣ ሽቦ አልባ ኔትወርክ ብቻ ያለው ተጠቃሚ የጎደለውን ፋይል ከኢንተርኔት ለማምጣት ሌላ ኮምፒውተር መፈለግ ነበረበት። አባላቱ በ2022 ድምፅ ሰጥተው ማኅበራዊ ውሉን አሻሻሉ፤ በ2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ጀምሮ ለእንዲህ ያለው ፈርምዌር የተለየ ክፍል ተከፍቶለት ከኦፊሴላዊው መጫኛ ጋር አብሮ ይመጣል። መጫኛው ምን እንደጫነ ለተጠቃሚው ያሳውቃል፤ የማይፈልግም መከልከል ይችላል።